የአምባዛዎቹ ጨው

ይድረስ በካሊ ለሚገኘው ልጄ ለዊልመር፤ ሰላምታዬ ከቱማኮ ዝናብ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የሚያለቅሰው ጣሪያው ብቻ ነው።

አባትህ ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ዓሣ ማሳደግ ጀምሯል። ሳሎናችን ውስጥ አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ስለቆመ እንግዳ የሚስተናገደው በቁሙ ነው። አራት ትልልቅ የእኛ ባሕር አምባዛዎች አሉበት። በልጅነታቸው የወንዝ ውሃ ይበቃቸዋል፤ ሲያድጉ ግን ጨው ይሻሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት የባሕር ጨው ይጨመርላቸዋል። አባትህ እንደ አጥማጅ ወግ የሚለካው በምላሱ ነው። መለኪያ እንግዛ ስለው፣ «መለኪያ ባሕር ገብቶ ያውቃል?» አለኝ።

ማክሰኞ ውሃውን ቀምሶ፣ «ምነው አልጫ ሆነ» ብሎ ጨው ሊጨምር ሲል እጁን ያዝኩት። እኔ ስቀምሰው ባሕር ነው። አርባ ዓመት ያልሳተ ምላስ ነበር። የኮኮናት ሾርባዬንም አልጫ ነው ብሎ ከገፋው ሰነበተ።

ትናንት ጠርቶኝ፣ «ኒድያ፣ ይህን ጣዕም ያዢው» አለኝ።

«አንተ እያለህ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ዓሦቹ ገና አሥር ዓመት ይኖራሉ።»

ውሃውን ቀምሼ ጣዕሙን ያዝኩት። ከዚያ የሰፋበትን ቀበቶ ተቀብዬ ሦስተኛ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳሁለት።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል። ገንዳውን ለማየት ግን ቀደም ብትል ይሻላል፤ ዓሦቹ ቶሎ ያድጋሉ።

ጤናውን ያብዛልህ፤ በደንብ ብላ።

እናትህ ኒድያ