በካሜራ ፊት የዋሸሁት

ውድ ክንዱ፣

እንደምን አለህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ደህና መሆንህን ፊርማህ ነግሮኛል። ማክሰኞ የደረሰኝ ደብዳቤ ግርጌ ላይ እንደ ድሮው ጅራቷን አርዝመህ ፈርመሃል። «ሳጅን አማረች ለተጎጂ ቤተሰብ ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተዋል» ይላል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ከፖሊስ ማሠልጠኛ ጀምሮ አብረን የበላን ሰዎች ዛሬ «ሰጥተዋል» ተባባልን።

ካሜራውን ጠልታ ነው ብለህ እንዳትወስድብኝ። ደረታችን ላይ ከተለጠፈ ወዲህ የሚሰድበኝ ሰው ቀንሷል፤ ከአፋቸው እጃቸው ይቀድም የነበረ ባልደረቦቻችንም አደብ ገዝተዋል። ባለፈው ፒያሳ ላይ አንድ ሰካራም ቀይዋን መብራት ሲያይ ስድቡን ዋጥ አድርጎ ኮቱን ቆለፈና «በየትኛው ቻናል ነው የሚተላለፈው?» አለኝ። በዚህ በኩል እሰየው ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

ቪዲዮውን አይተኸዋል፤ ግን የሚጀምረው ከበሩ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን እኔ ልንገርህ። ያን ጠዋት የሻው የሚባል የባጃጅ ሹፌር በአዘዞ መንገድ ከጭነት ማኪና ጋር ተጋጭቶ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ማራኪ ሰፈር ጀርባ ወዳለው ቤታቸው የሄድኩት አጎቱን አያ ቢያዝንን ፍለጋ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ግን እናቱ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ናቸው። ልብስ እያጠቡ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ምነው ልጄ? ፖሊስ በደህና ነው?»

«ደህና ነው እማማ። የሻው ትንሽ ወድቆ እግሩን ተጎድቷል። ሐኪም እያየው ነው።»

«እግሩን ብቻ?»

«እግሩን ብቻ።»

«ባጃጇስ? እሷ ከተሰበረችበት ይናደዳል እኮ።»

«ባጃጇም ደህና ናት። ወንድምዎ አያ ቢያዝን የት ይገኛሉ?»

ወንጀሌ ይኸው ነው። አያ ቢያዝን ዘመድ ሰበሰቡ፣ የንስሐ አባታቸው መጡ፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ መርዶው ለእናቲቱ በወጉ ተነገራቸው። ራሳቸውን ሲጥሉ የሚይዛቸው ሰው አላጡም። አንተ ደግሞ «ትክክለኛ መረጃ ወዲያውኑ ይሰጣል» የሚል መመሪያ ጽፈሃል። ምን እንድል ነበር የፈለግከው? ብቻቸውን ያሉ እናት በሳሙና እጃቸው ፊታቸውን ሲነጩ ካሜራዬ ጥርት አድርጎ እንዲቀርጽልህ? ኤዲያ! ለመሆኑ መመሪያውን ስትጽፍ አጠገብህ የአገር ሰው አልነበረም?

ለቅሶ ቤት ስሄድ ካሜራውን ቢሮ ትቼው ነበር። ወይዘሮ ባንቺአየሁ እጄን ያዙና «ያችን አንድ ሌሊት ያስተኛሽኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ይኼ ፋይልህ ውስጥ የለም።

አሁን «ጥፋቴን አምናለሁ» ብዬ ከፈረምኩ ነገሩ በማስጠንቀቂያ ያልፋል፤ ካልፈረምኩ ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ማዕረጌ ሊገፈፍ ይችላል ተብያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ማዕረግ ነው። ፈርቻለሁ ክንዱ፤ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። ግን አልፈርምም። ከፈረምኩ ነገ ሌላ እናት በር ላይ ስቆም አፌ ምን እንደሚል አላውቅም።

ኮሚቴውን የምትመራው አንተ ነህ አሉኝ። እንግዲያው ስድስት ዓመት ሙሉ አንስተነው የማናውቀውን ነገር ላንሳው። አባትህ ያረፉ ዕለት እስከ እንፍራንዝ በሚኒባስ አብሬህ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። «ጉንፋን ጠንቶባቸው ነው» አልኩህ። መንገድ ላይ ሚኒባሱን አስቁመህ ብርቱካን ገዛህላቸው። ከሾፌሩ ጋር ስትቀልድ፣ ስትስቅ ሄድክ። አባትህ ካረፉ አራት ሰዓት አልፏቸው ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ደጃችሁ ስንደርስ ወንድሞችህ ናቸው ተቀብለው የያዙህ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «ለምን ዋሸሽኝ?» ብለኸኝ አታውቅም። ሐሙስ በኮሚቴው ፊት ጠይቀኝ። ካሜራው እየቀረጸ ጠይቀኝ፤ እመልስልሃለሁ።

ያን ቀን ብርቱካኑን ከእጅህ የተቀበለችህ፣
አማረች