«ለብቻ መሥሪያ» ከምድር ቤት ይውጣልኝ

ለተከበሩ አቶ ፕዮ ግዋንሱ፣
የዳገቱ ሰፈር የሕዝብ ስፖርት አዳራሽ ዳይሬክተር፣
ቡሳን

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሌላው ሰው ስለ ልብዎና ስለ ሳንባዎ ይጠይቅዎት ይሆናል፤ እኔ ግን ሰው እርጅና የሚጀምረው ከጉልበቱ መሆኑን በራሴ ስላየሁ፣ ቀኝዎም ግራዎም ደኅና ሆነው፣ ከወንበርዎ ሲነሡ ጠረጴዛ ሳያስይዙዎት መቶ ዓመት እንዲያገለግሉዎት እመኛለሁ።

ማ ጆምሬ እባላለሁ፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። በዓሣ ገበያው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለነጋዴው ምሳ በአናቴ ተሸክሜ ያደረስኩ ሴት ነኝ። አምስት ትሪ ደርቤ፣ ከላይ የሚፈላ ሾርባ አስቀምጬ፣ እጄን ሳላስነካ ስሄድ ጠብታ አልፈሰሰኝም። አንዴ ፈሷል፤ የፈሰሰበት ሰውዬ ግን ይገባው ነበር። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በማታ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዘንድሮ ከሃያ ሁለት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛዋ በፈተናው ቀን መነጽሯን ረስታ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እነሱን አይስሙ።

ለምርቃታችን መምህራችን «ለምትናፍቁት ሰው ደብዳቤ ጻፉ» ብለው አዘዙን። ሌሎቹ ለሞቱ ባሎቻቸው ጻፉ፤ ክፍሉ በልቅሶ ተሞላ። የእኔ ባል በሕይወት እያለም ጠይቄው አይመልስልኝም ነበርና በከንቱ ቀለም አልጨርስም አልኩ። መልስ ሊሰጠኝ የሚችል ሰው ማን አለኝ ብዬ ሳስብ፣ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ በቀር አላገኘሁም። ደብዳቤዬን በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ጎረቤቶቼም የእጅ ጽሑፌን ውበት እንዲያዩ ነው።

በደሌን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ከፊደል በፊት የማውቀው ነገር ነው።

አንደኛ። በአዳራሽዎ መስኮት ሥር፣ ተቀምጠው እግርዎን ወደ ፊት የሚያነሡበት አንድ ማሽን ነበር። በሕይወቴ ማንም ሳያግዘኝ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ላይ የተለጠፈው ነው፤ «ለብቻ መሥሪያ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መንግሥታችን በመጨረሻ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ማሽን ገዛ ብዬ፣ በደስታ አሠልጣኙን ጠርቼ «ልጄ፣ ብቻዬን እንደምኖር ማን ነገራችሁ?» አልኩት። ያ ረጅሙ ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማማ፣ ብቻውን የሚሠራው የጭንዎ ጡንቻ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም!» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ አውቃለሁ። ከማሽኑ ግን አልወረድኩም። ጡንቻውም እኔም ስማችን ከተጻፈበት ቦታ ለምን እንነሣለን?

ባለፈው ጸደይ ማሽኑን ከጎኑ ከነበረው ጓደኛው ጋር ወደ ምድር ቤት አውርደው በሸራ ስለሸፈኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቦታው የተለጠፈውን ማስታወቂያዎንም ማንበብ በመቻሌ ትምህርት ቤቴን አመሰገንኩ፤ «ጡንቻ ብቻውን አይኖርም፤ ሰውነት የሚሠራው በኅብረት ነው፤ አንድ ጡንቻ ብቻ የሚያሠሩ ማሽኖች ጥቅም የላቸውም» ይላል። ሳልማር ብቀር ኖሮ ይህን ሁሉ ጥበብ በቀለማት ያማረ ወረቀት ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ሁለተኛ። አሁን በማሽኑ ቦታ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሁላችንም በሙዚቃ ቁጢጥ ብለን እንድንነሣ ታዘናል። መቼም የተማረ ሰው ተሳሳተ አልልም፤ ደረጃ የሚወጣው ሰውነት ሁሉ ተባብሮ እንደሆነ አምናለሁ። ግን የግራ ጉልበቴ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ የሆነውን ልንገርዎ። ቁጢጥ ስል ቀኝ እግሬ እንደ ታላቅ ምራት ሥራውን ሁሉ ይጠቀልላል፤ ግራው እንደ ተቀማጠለ የመጨረሻ ልጅ ቆሞ ያያል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም የሠሩ ይመስላሉ። አሠልጣኙም «ጎበዝ እማማ!» እያለ ያጨበጭባል። ሰነፉ ግን በጭብጨባው ተሸፍኖ እየሳሳ ይሄዳል።

ማሽኑ ላይ ይህ ማታለል የለም። ጀርባዬን ተደግፌ እቀመጣለሁ፣ መውደቅ የለም፤ ቀኙን አሳርፌ ግራውን ብቻ አነሣለሁ፤ የሚደበቅበት ስለሌለው ወዶም ሆነ ተገድዶ ይሠራል። በአንድ የክብደት ብረት ጀመርኩ፤ አንዷን ብረት አራት ጊዜ ማንሣት አቅቶኝ ነበር። በዓመቱ አራት ብረት፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ እውነት ነው። እያንዳንዱ ክር ግን መጀመሪያ ለብቻው ይፈተላል። ክቡርነትዎ ድሩን ወደውት ፈትሉ የሚፈተልበትን እንዝርት ምድር ቤት ቆለፉበት።

ሦስተኛ። ሁለተኛው ማሽን፣ እግር ወደ ኋላ የሚታጠፍበት፣ የወይዘሮ ባንግ ቹንሺም ነበር። በስሟ አልተመዘገበም፤ ግን ማለዳ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ብታገኘው ጎኑ ቆማ ታፈጥበት ነበር። እኔ ወደ ፊት ስገፋ እሷ ወደ ኋላ ትስባለች። ቤቷን አላውቀውም፤ እሷም የእኔን አታውቀውም። የምናወራው ሥራ ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ዘጠኝ ላይ ስደክም «አስክሬን ነሽ እንዴ? ገና ሦስት ይቀራል!» ትለኛለች፤ እኔም «የራስሽን ቁጠሪ፣ አንቺ አሮጊት! ሰባትን ሁለቴ ጠርተሽዋል» እላታለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በቀን አንድ ጊዜ ስድብ የምሰማው ከእሷ ነበር።

ማሽኖቹ በተነሡ ሳምንት ቹንሺም ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ብላ መነሣት አቃታት። ሰዉ እያየ ሁለት ወጣቶች ብብቷን ይዘው አነሷት። ጫማዋን አድርጋ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ልጆቿ ዴጉ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ወስደዋታል አሉ። አድራሻዋን ጽሕፈት ቤትዎ ብጠይቅ የግል መረጃ ነው ተባልኩ። ሰው ከሰው እንዳይነካካ እንዲህ በመጠንቀቅዎ አመሰግናለሁ፤ በኅብረት መሥራት ማለት ይህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አራተኛው በደል የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም ብዬ ነበር። ግን መጻፍ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ።

ከጎዳናው እስከ ቤቴ በር ሁለት መቶ አሥራ አንድ ደረጃ አለ። መኪና አይገባም። በማሽኑ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ፣ መቶ ሃያኛው ላይ፣ የፐርሲሞን ዛፉ ሥር አርፌ እወጣው ነበር። ኢንቾን የሚኖረው ልጄ ጊቴ ባለፈው የመኸር ጨረቃ በዓል ከኋላዬ ሲወጣ አይቶኝ፣ «እናቴ፣ በሚቀጥለውም በዓል እንዲህ ከወጣሽ ቤትሽ ቤትሽ ነው፤ ካቃተሽ ግን ይዤሽ እሄዳለሁ» አለኝ። «አንተ ራስህ እያለከለክህ ነው፤ ማን ማንን ይዞ ሊሄድ ነው?» ብዬ ሳቅሁበት። ያኔ አራት ብረት ነበረኝ።

ዛሬ ያረፍኩት ስድስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሠላሳ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ እዚያ ዛፍ የለም፤ የሰው ግድግዳ ተደገፍኩ። ደረጃውን ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ነው የምወጣው። ሰባትን ሆን ብዬ ሁለቴ ጠራሁት፤ ያረመኝ ሰው ግን አልነበረም።

በዓሉ ሃምሳ ቀን ቀርቶታል። ልጄ መጥፎ ልጅ አይደለም፤ የኢንቾን ቤቱም አሳንሰር አለው። ነገር ግን እዚያ የማውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቀን ቀን ሥራ ላይ ነው። እዚህ ቢያንስ ግድግዳዎቹ ያውቁኛል።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ማሽኑ ምድር ቤት፣ ከተሰበሩት የቴኒስ ጠረጴዛዎች አጠገብ፣ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል፤ በቁልፉ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ዘበኛውን «እዚያው ጨለማ ውስጥ ልቀመጥበት፣ አልናገርም» ብዬ ብለምነው «እማማ፣ እኔን ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው?» አለኝ፤ ልጁ ትክክል ነው፣ አይቆጡት። ምንጣፍዎ ይቆይ፣ ሙዚቃውም ይቆይ። ከመስኮቱ ሥር አንድ ወንበር የሚያህል ቦታ ብቻ ይስጡኝ። የቹንሺምንም አብረው ቢያወጡት እንዳይበላሽ እወለውለዋለሁ፤ ማለዳ ማንም አይቀመጥበትም፣ እኔ ጎኑ ቆሜ አፈጥበታለሁ።

አምስት ትሪ በአናቷ ተሸክማ የማትንገዳገድ የነበረች፣ ዛሬ አንድ ሰነፍ ጭን ይዛ የምትንገዳገድ፣ ከሃያ ሁለት ተማሪ አንደኛ የወጣች፣ በኅብረት ጥበብዎ ከሁሉ በላይ ብቻዋን የቀረች፣

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ማ ጆምሬ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥ ትናንት መጥቼ ነበር። ቢሮዎ አንድ ፎቅ ብቻ ከፍ ስለሚል ደረጃውን ልሞክረው ቆሜ ሳለ፣ እርስዎ ገብተው አሳንሰሩን ተሳፈሩ። በሩ ሲዘጋ አየሁ፤ ውስጡ ከእርስዎ በቀር ማንም አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን የሚጠቀምበት ማሽን ጥቅም እንዳለው ይህን ያህል ካመኑ፣ የእኔን ከምድር ቤት የሚያወጡበት መንገድ ከዚያው አሳንሰር አይርቅም።