የኢስሃቅ ቀዝቃዛ ሻይ

ሐይቅ፣ መጋቢት 1970 ዓ.ም.

ሐቢባ፣

ከትናንት ማክሰኞ ጀምሮ እስር ቤቱ የወንድምሽን የኢስሃቅን ስንቅ አይቀበልም። ዘበኛው «ከእንግዲህ አትልፊ፣ እቴ» አለኝ፤ የእስረኛ ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ሻዩን ሐይቁ ዳር ደፍቼ ፔርሙዙን ባዶውን ይዤ ገባሁ። እማማ «ልጄ ጠጣልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው መረቁኝ።

ማታ አፍልተው፣ እርጥብ ጆንያ በተጠቀለለበት ገንቦ ያቀዘቀዙትን፣ ዛሬም እንደሚወደው ሎሚ ጨምቀው ሞሉልኝ። የተረፈውን ለልጆቼ ስጫቸው። ጆንያው እንዳይደርቅ ውኃ አርከፍክፊበት።

ከሰዓት በኋላ ከእማማ አጠገብ አትራቂ።

ኢስሃቅን «ቀርበህ ቃልህን ስጥ» ብዬ የመከርሁት እኔ ሚስቱ ነኝ።
አንድም ቀን አላነሣሽብኝም።

ዛሬ ሻዩን አልደፋውም፤ ፔርሙዙን እንደ ሞላ ይዤው እመለሳለሁ።

ኑርሀያት