የጊዮርጊስ ፈረስ ሁለተኛ ዓይን

ቆሰበር፣ ሚያዝያ ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ወንድሜ ውዱ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እጄ ግን ፈርቷል።

ትናንት የቤተ ክርስቲያኑን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዬ ልጨርስ ስል አያ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገቡና፣ «ይህን ዘንዶ ምነው አንድ ዓይን ብቻ ሰጠኸው?» አሉኝ። እንደተማርነው፣ ክፉ በጎኑ በአንድ ዓይን፣ ደግ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ነው የሚሣለው ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም በጎኑ ወደሣልኩት ነጭ ፈረስ እየጠቆሙ፣ «ታዲያ ይኼ ምን በደለ? ዘንዶውን የረገጠው እሱ አይደል?» አሉ። አብረዋቸው የመጡት በአገውኛ እየተቀባበሉ ሳቁብኝ።

የኛ የማርቆስ ሰው የሰማዕቱን ፊት አይቶ ይሳለማል፤ እዚህ በፈረሰኞቹ አገር አስቀድሞ የሚታየው ፈረሱ ነው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ክፉና ደግ ስለይ ኖሬ፣ ተሸክሞ የሚያቆመኝን ልብ ሳልለው ቀርቼ ይሆን? ከተጋባን ጀምሮ ቀለሜን ስትፈጭልኝ የኖረችውን ስሜነሽን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ በስንት ዓይን አይቻት ይሆን?

የፈረሱን ፊት ላዞረው ቆርጫለሁ። ፊት ለፊት የሚያይ ፈረስ ግን ሥዬ አላውቅም። በዓሉ ደርሷል፤ ቢበላሽብኝ የማርምበት ነጭ ቀለም አልተረፈኝም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ብሩሼን አነሣለሁና በጸሎትህ አስበኝ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ባለቤትህን እናትነሽን፣ ልጆቹንም ሳምልኝ። እሱ በቸርነቱ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ወንድምህ እንየው