ሜዳሊያውን ማን ያጥልቅላት

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለኔኒታ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ባሕሩ ግቢያችን ድረስ ከመግባቱ በቀር ደህና ነን።

ባሕሩ በሞላ ቁጥር የጄሳ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ሺህ ተማሪ ጫማውን በእጁ ይዞ ይገባል። ርዕሰ መምህሩ የምረቃውን ሰዓት የወሰኑት ሙላቱን አስልተው ነው፤ ሜዳው ሳይረጥብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

ልጃችን ጄሳ ተሸላሚ ናት። መድረክ ላይ ወጥቶ ሜዳሊያ የሚያጠልቅላት ወላጅ ማን እንደሆነ ስትጠየቅ ያንቺን ስም ጻፈች። መምህርቷ፣ «አባትሽ እዚሁ አሉ አይደል?» ቢሏት፣ «የአባዬ እጅ የለመደው የዓሣ መረብ ነው፤ ያንቀኛል!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። እኔም ስሰማ ሳቅኩ።

የዱባይ ውልሽ በጥር ማለቁን ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። እንዳራዘምሽው አልነገርኳትም። ባለፈው ስትደውዪ ከኋላሽ «ነይ እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ» ያለሽ ሰውዬ ቋንቋችንን አጥርቶ ይናገራል። በሰው አገር የአገር ልጅ ማግኘት ደግ ነው።

በምረቃው ወረቀት ላይ ስምሽ እስከ ዓርብ እንዳይታተም መምህርቷን ለመንኳቸው።

«እና የማንን ልጻፍ?» አሉኝ።

«ባዶውን ይቆይ» አልኳቸው።

አምላክ ባለሽበት በሰላም ያቆይሽ ልል ነበር። በሰላም ያምጣሽ።

ባለቤትሽ ሮሜል