ቅዳሜ ማታ የሚተርፈው ሩዝ

የኔ ታዴ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሚዛን እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ ልብስ አያደርቅ፣ ሰው አያስወጣ። በጣም ናፍቀኸኛል። ግን ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም፤ አናድደኸኛል።

አማን ከተማ ወስደህ እግር ያስበየድክለት ወፍራም የብረት ምጣድህ አሁንም አቮካዶው ሥር አለ። ያኔ እሑድ ከቸርች እንደተመለስክ ከረባትህን እንኳ ሳትፈታ እሳቱን ታቀጣጥላለህ፤ ሩዙን ከጥቅል ጎመንና ከካሮት ጋር እያገላበጥክ፣ ዝንጅብሉን እየበተንክ ጎረቤቱን ሁሉ በመዓዛው ታስጎመጃለህ። ልጃችን ምሕረት ሳህኗን ይዛ አጠገብህ ትቆማለች፤ ከዳር ያረረውን እየፋቅክ ትሰጣታለህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ምሕረት ለእሑድ ምሳ አትቀርብም። ጠግቤያለሁ ትላለች፤ ምን በልታ እንደጠገበች እግዜር ይወቅ። እየከሳችብኝ ነው። እንግዲህ እኔው ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ሩዝ መጥበስ ምን ያቅታል አልኩ።

መጀመሪያ ምጣዱ። ለቅሶህ ላይ እህትህ አስካለ ከሸዋ ቤንች መጥታ፣ እንግዳ በሚበዛበት ግቢ እንዲህ የጠቆረ ዕቃ ነውር ነው ብላ በአመድና በአሸዋ ፈትጋ መስታወት አስመስላው ኖሯል። ያ ጥቁር ለዓመታት የጠጣው ዘይት መሆኑን ለማን ነገርክ? ለማንም! ያስቀመጥኩበት ሁሉ ተጣበቀ። ዘይት እየቀባሁ፣ በተጎነደለ ቡና እንጨት እያጋልኩ፣ መልሶ እስኪጠቁር በጭስ ዐይኔ ጠፋ።

ከዚያ ሩዙ። እሑድ ጠዋት ቀቅዬ ትኩስ ትኩሱን ባፈስበት ገንፎ ሆኖ ቁጭ። ውሃ ቀነስኩ፤ ገንፎ። ሌላ ዓይነት ሩዝ ገዛሁ፤ ገንፎ። ምሕረት አየት አድርጋው ወደ ክፍሏ ገባች። የዚያን ቀን ባገኝህ አልምርህም ነበር።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሩዙን ቀቅዬ እሳቱ ሊያያዝ ሲል ዝናብ ወረደብኝ። ጣሪያ እንሥራለት ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ጭሱ ይታፈናል አልክ። ሩዙን ከነድስቱ ጓዳ አስቀምጬ ተውኩት። ሰኞ ዝናቡ ሲያባራ ከሚደፋ ብዬ ምጣዱ ላይ በተንኩት። ፍሬ ፍሬው ተለይቶ ይዘል ጀመር! ለካ ሩዙ ማደር ነበረበት!

ቅዳሜ ማታ አንድ ድስት ሩዝ ትቀቅልና፣ ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው እያልኩ ስነዘንዝህ ፈገግ ብለህ ክዳኑን ትገጥም ነበር። እሑድ እኔ ከቸርች የሴቶች ጸሎት ጨርሼ ስመጣ ሩዙን ምጣድ ላይ ስለማገኘው፣ ጠዋት የቀቀልከው ይመስለኝ ነበር። የማታውን ውሻችን የበላው ነበር የሚመስለኝ። ለእሑድ ነው ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል እኮ ነው፣ ታዴ!

እየተናደድኩም እያለቀስኩም ሳገላብጥ ምሕረት ሳህኗን ይዛ መጣች። ከዳር ያረረውን ራሷ ፋቀች። እንደቆመች በላች፤ ደገመች።

በሕይወት እስካለሁ ያ ምጣድ በአመድ አይፈተግም፤ ስምህ ሳይነሳም የእሑድ እሳቱ አይጠፋም። ትናንት ቅዳሜ ማታ አንድ ድስት ሙሉ ሩዝ ቀቀልኩ። ምሕረት በበሩ ብቅ ብላ፣ ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው ብላ ተነጫነጨችብኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና አንተ ትዝ አልከኝ። ፈገግ ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ።

ያንተው አልማዝ