የወንድም ጋሼ ትንፋሽ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሱቅህን የተከራየው ሰው ትናንት ጣሪያው ላይ የተጋገረውን የጥጥ ብናኝ ሲያራግፍ አየሁት። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር። አንተ አንድ ቀን እንኳ ሸፍነህ አታውቅም። አባታችን ካረፉ ወዲህ ያበላኸኝም ያስተማርከኝም በዚያ ብናኝ ውስጥ ቆመህ ነው፤ የሰው ፍራሽ እየቀደድክ፣ ጥጡን በዱላ እየደበደብክ፣ መልሰህ እየሰፋህ።

ደረትህ ማፏጨት ሲጀምር ደንበኞችህ ይቀልዱብህ ነበር። አንተም «ሙዚቃው በነፃ ነው፣ ሂሳብ ያለው ፍራሹ ላይ ነው» ትላቸዋለህ። ሐኪሙ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ ውሰድ ሲልህ ቀልዱ አበቃ። ዋጋው የፍራሽ ሰፊን ይቅርና የሐኪሙንም ኪስ የሚያራቁት ነበር።

የዚያኑ መድኃኒት ርካሹን ይዤልህ የመጣሁ ቀን ተኮራረፍን። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱ ያው ነው፣ የሚለየው ያመረተው ፋብሪካና ካርቶኑ ነው ብላ አስረድታኛለች። አንተ ግን ወይ ፍንክች።

«እኔ ርካሽ ነገር ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ» አልከኝ። «ስቀደው ቡትቶ ነው የሚወጣው።»

አልፈረድኩብህም፤ ዕድሜ ልክህን ያየኸው ያንን ነው። ውዱ ሲያልቅብህ ግን እያጉረመረምክ ሳብከው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ አልረሳውም። ደረጃውን መሀል ላይ ሳታርፍ ወጣህ። ፊትህን ስትታጠብ ስትዘፍን ሰማሁህ፤ ድምፅህ እንደ ድሮው አስቀያሚ ነበር፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ርካሹ ጠፋ። የሄድኩበት ፋርማሲ ሁሉ «አልገባም» ይለኛል። ውዱ ግን መደርደሪያው ላይ ተኮልኩሏል። ፋርማሲስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የርካሹ ትርፍ ትንሽ ስለሆነ አስመጪዎቹ እንደማይቸኩሉለት ነገረችኝ። እንደምንም ውዱን ገዛሁልህ። አንተ ግን እንዲበረክትልህ የየቀኑን አልፎ አልፎ አደረግከው። ስጠይቅህ «እየወሰድኩ ነው አልኩሽ እኮ» ትላለህ። ሸክም እንዳትሆንብኝ ብለህ መዋሸትህ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

በመጨረሻው ቀን የጠራኝ ጎረቤትህ ልብስ ሰፊው ነው። ስደርስ ያልተጨረሰ ፍራሽ ላይ ተቀምጠህ፣ ሁለት እጅህን ጉልበትህ ላይ ተክለህ ከአየር ጋር ትታገላለህ። ከንፈርህ ጠቁሯል። መድኃኒቱን አፍህ ላይ አድርጌ ብጫነው እፍ እንኳ አላለም፤ ባዶ ነበር። ወደ ሆስፒታል በሚወስደን ታክሲ ውስጥ ጆሮዬን ወደ አፍህ አስጠጋሁ።

«መስኮቱን ክፈቺው» አልከኝ።

ክፍት ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ሁሉም መስኮት ክፍት ነበር። ሌላ ቃል አልተናገርክም።

ዛሬ ጠዋት ፋርማሲስቷ ደወለች፤ ስልክ ቁጥሬን ትቼላት ነበር። መሞትህን አልሰማችም።

«ገብቷል» አለችኝ በደስታ። «ሳያልቅ ለወንድምሽ ደብቄ አስቀምጬለታለሁ፣ ቶሎ ይምጣ።»

እሺ፣ እነግረዋለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ይኸው ነገርኩህ።

ታናሽ እህትህ